ማሽኑን የጠበሰው ዘይት

(ቢሾፍቱ፣ ረፋድ ላይ። ሁለት ቤቶች በሚጋሩት፣ ሣሩ ጉልበት በደረሰ ጓሮ ውስጥ፣ የስድሳ ሰባት ዓመቷ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ እትዬ ትርንጎ አዲስ የአጥር ቆርቆሮ ከግድግዳቸው ጋር አስደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሃምሳ ስድስት ዓመቱ ጎረቤታቸው አያልቅበት ቆቡን በእጁ ይዞ ፊታቸው ቆሟል።)

አያልቅበት፦ እትዬ ትርንጎ፣ የምነግርዎት ከወንጌል ቀጥሎ ያለውን እውነት ነው! አንዲት ጠብታ ብጨምርበት ይቺ ፀሐይ እዚሁ አድርቃ ታስቀረኝ፤ አንዲት ፍሬ ብቀንስበት ያባቴ አጥንት ይፋረደኝ! ብቻ አናጺው ይመለስ። አጥሩ ይቅር።

ትርንጎ፦ አናጺው ከምሳ በኋላ ይመጣል። አንተ ደግሞ መሐላውን አስቀድመህ ጨረስከው። ነገሩ ምንድነው?

አያልቅበት፦ ይቅር ብዬዎታለሁ።

ትርንጎ፦ ምን አልክ?

አያልቅበት፦ ይቅር ብዬዎታለሁ! ከልቤ። ቂም የሚባል ነገር እዚህ ደረት ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም።

ትርንጎ፦ ምን አድርጌህ ነው ይቅር ያልከኝ?

አያልቅበት፦ ያው… የዘይቱን ነገር ነዋ። ሰው ነዎት። ያውም ስድሳ ሰባት ዓመት ሙሉ መርፌ ይዘው የኖሩ ሰው…

ትርንጎ፦ ስወለድ መርፌ ይዤ ነው የወጣሁት?

አያልቅበት፦ ከሰባት ወር በፊት በጋራ የገዛነው የሣር ማጨጃ ማሽን ለእርስዎ አዲስ ነው ማለቴ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ የሚገባው የሞተር ዘይት መሆኑን ቢስቱ፣ በስህተት የኑግ ዘይት ቢጨምሩበት፣ ማን ይፈርድብዎታል? ዘይት ዘይት ነው። ይቺ ከተማችን ራሷ ስንት ዘመን ደብረ ዘይት ስትባል፣ የምን ዘይት እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ አለ?

ትርንጎ፦ ከተማዋ ገመድ ተስቦ አትነሳም። በል፣ ይቅር ካልከኝ መልካም። ሂድ።

አያልቅበት፦ አጥሩስ?

ትርንጎ፦ ይቅርታው ያንተ ነው። አጥሩ የኔ።

አያልቅበት፦ ሃያ ሁለት ዓመት፣ እትዬ! ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ጓሮ መሐል የልብስ ማስጫ ገመድ እንኳ ሳይለየን ኖረናል። የእርስዎ ጌሾ እኛ ቤት ጠላ ሆኗል፤ የኛ ማንጎ እርስዎ ቤት ጭማቂ ሆኗል። ሣሩን አንድ ሳምንት እርስዎ፣ አንድ ሳምንት እኔ፣ በወንፈል ስናጭድ አገር ጉድ ብሏል። ከአዳማ ድረስ ሰው መጥቶ አይቶናል!

ትርንጎ፦ ከአዳማ የመጣው ማነው?

አያልቅበት፦ የሚስቴ የዘነበች ወንድም።

ትርንጎ፦ እሱ ለክርስትና ነው የመጣው።

አያልቅበት፦ ሲመጣስ? ዓይኑን ጨፍኖ ነው የመጣው? ደግሞ ዘነበች ራሷ ይሄን ቆርቆሮ ካየች ወዲህ እህል የሚባል ባፏ አልዞረም።

ትርንጎ፦ ጠዋት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ፍርፍር ስትበላ ሰላም ተባብለናል።

አያልቅበት፦ እሱ እህል አይደለም፣ ሐዘን ነው። ሐዘን ሆድ ያስብሳል።

ትርንጎ፦ አያልቅበት፣ ስምህን ያወጡት እናትህ ነቢይ ነበሩ። ቁጭ በል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ያን ቅዳሜ ለቅሶ ልሄድ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስወጣ አይተኸኛል።

አያልቅበት፦ በነዚህ ዓይኖቼ! በዚያ በር ወጡ፤ እንዲያውም «ነፍስ ይማር» ብያለሁ።

ትርንጎ፦ ከዚያስ?

አያልቅበት፦ ከዚያማ ተራው የኔ ነበር። ማሽኑን ትከሻዬ ላይ አነገትኩት። ገመዱን በዚህች፣ በትንሿ ጣቴ ሳብ! ተነሳ። ድምፁን ልንገርዎት? ዱከም ያሉ ውሾች ጮኹ። ሐይቁ ላይ የነበረው ወፍ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ሲነሳ ሰማይ ጨለመ። የጓሮውን ግማሽ በሦስት ደቂቃ ድምጥማጡን አጠፋሁት።

ትርንጎ፦ በሦስት?

አያልቅበት፦ በአምስት ይሁን። ከዚያ ያ የጨመሩት ኑግ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ጭስ፣ እንደ ድሮው ባቡር ጥቁር ጭስ። ቀጥሎ እሳት! ቁመቱ ይሄን የጊሽጣ ዛፍ ያክላል። ሌላ ወንድ ቢሆን ጥሎ እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። እኔ ግን የጋራ ንብረታችን ነው ብዬ እቅፍ አደረግኩት።

ትርንጎ፦ እሳቱን?

አያልቅበት፦ ማሽኑን። እሳቱ ላዩ ላይ ነበር።

ትርንጎ፦ ያን ቀን የለበስከው ነጩን ሸሚዝ ነው። አንገትጌውን ገልብጬ የሰፋሁልህን። አሁንም ለብሰኸዋል። እስቲ ዙር፤ የቱ ጋ ነው የተቃጠለው?

አያልቅበት፦ …ጥሩ ጨርቅ ነው። የድሮ ጨርቅ።

ትርንጎ፦ ማሽኑስ? ጊሽጣ የሚያክል እሳት የበላው ማሽን፣ ጋራዥ ገብቶ በሁለተኛው ቀን ታጥቦ መጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት የስፌት መኪና ላይ ስቀመጥ እሳት ገብቶ የወጣ መኪና አላየሁም።

አያልቅበት፦ የኑግ እሳት ለስላሳ ነው፣ እትዬ። ይልሳል እንጂ አይበላም።

ትርንጎ፦ ኑጉ ከየት መጣ?

አያልቅበት፦ ያው ከእርስዎ ቤት። ዓርብ ዕለት ሲሞሉት ተሳሳቱ እንጂ…

ትርንጎ፦ እኔ ቤት ኑግ ዘይት የለም። ቃር ስለሚለቅብኝ ከተውኩት ሦስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ፋሲካ ለዘነበች የቀረችኝን ግማሽ ጠርሙስ የሰጠኋት ትዝ ይልህ እንደሆን።

አያልቅበት፦ እንግዲያው… እንግዲያው ድመቷ ናት!

ትርንጎ፦ የቷ ድመት?

አያልቅበት፦ የኛዋ። ማሽኑ ኩሽናው በር ሥር ተቀምጦ፣ የዘነበች ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ሆኖ፣ ድመቷ በጅራቷ መታ ስታደርገው ቁልቁል ድፍት አለ።

ትርንጎ፦ የማሽኑን ክዳንስ ማን ፈታላት?

አያልቅበት፦ የኛን ድመት አያውቋትም እንዴ? በር ትከፍታለች። አንድ ቀን ቁም ሣጥን ከፍታ…

ትርንጎ፦ ክዳኑን ፈታች፣ ሞላች፣ መልሳ ገጠመች። ጎበዝ ድመት ናት። እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የድመቷ ነው?

አያልቅበት፦ የድመቷ! በጭራሽ የእርስዎ አይደለም! ይኸው፣ ተፈታ! እርስዎም ነፃ ወጡ፣ እኛም ተገላገልን። አናጺውን ልደውልለት?

ትርንጎ፦ ድመቷ ዕድር ላይ ስሟ ተነስቷል?

አያልቅበት፦ እ?

ትርንጎ፦ ዕድር ላይ የተነሳው የኔ ስም ነው። ማክሰኞ ዕለት አትክልት ተራ ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ። እዚያ ጥግ ላይ የምትሸጠው፣ ልጄ የምትሆን ሴት፣ «እትዬ፣ ሽንኩርቱ ለወጥ ነው ለማሽን?» አለችኝ። አጠገቧ ያሉት ቲማቲማቸውን ጥለው ሳቁ።

አያልቅበት፦ ለማሽን… ህህ… ይቅርታ። ይቅርታ፣ እትዬ። አመለጠኝ።

ትርንጎ፦ ሳቅ። ሌላውም ስቋል። ዳቦ ቤት «እትዬ ጥብስ» ነኝ። ወፍጮ ቤት ደግሞ ኑግ ላስፈጭ ያመጣሁ መስሏቸው ሰልፍ አስቀድመውኛል።

አያልቅበት፦ የሰው አፍ… ሥራ ሲፈታ እኮ…

ትርንጎ፦ እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩትን ልንገርህ። ለንግሡ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሣር እኔ በማሽን ላጭድ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። ቦት ጫማ ገዝቻለሁ። ለዓይኔ መነጽር ገዝቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ደብሩ አንድ አዲስ ነገር አድርጊ ብሎኝ ነበር። ያንተ ወሬ ከወጣ በኋላ ሊቀ መንበሩ ደጄ ድረስ መጡ። «እናታችን፣ ይቅርብዎ፤ ይድከሙ አንልም፣ ወንድ ይፈለጋል» አሉኝ። የተፈለገው ወንድ ተገኝቷል። ማን እንደሆነ ታውቃለህ?

አያልቅበት፦ ወንድማ መች ጠፍቶ…

ትርንጎ፦ ቆቡን ተወው፤ ጨመቅከው። ማን ነው?

አያልቅበት፦ እምቢ ልል ነበር።

ትርንጎ፦ «በአንድ እጄ አጭድላችኋለሁ» አልካቸው አሉ።

አያልቅበት፦ የእርስዎን ቦታ እየወሰድኩ መሆኑን አላወቅኩም! እመብርሃንን አላወቅኩም። ሰው ጎደለን ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው ጎደለ ሲባል…

ትርንጎ፦ ንግሡ መቼ ነው?

አያልቅበት፦ እሑድ።

ትርንጎ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። ማሽኑ ታጥቦ፣ ታድሶ፣ አንተ ቤት ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሣራችን ጉልበቴ ደርሷል። ለምን አልነካኸውም?

አያልቅበት፦ ጊዜ የት አለ? ደግሞ ወገቤን… ያው ማሽኑን ካቀፍኩት ወዲህ…

ትርንጎ፦ አያልቅበት።

አያልቅበት፦ አቤት።

ትርንጎ፦ ማሽን ሣርን ይፈጨዋል። ድቅቅ አድርጎ ይበትነዋል። ማጭድ ግን ያስተኛዋል። በኔ ሳምንት ጓሮው ላይ ሣሩ ተበትኖ ይቀራል። ባንተ ሳምንት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ነው የማገኘው፣ እንደ ተበጠረ ፀጉር።

አያልቅበት፦ …የእጄ አያያዝ ነዋ። እኔ ማሽኑን ስይዘው ወደ አንድ ወገን…

ትርንጎ፦ ድምፅስ? ሰባት ወር ሙሉ ባንተ ተራ አንድ ቀን የማሽን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። «ማለዳ ነው ያጨድኩት፣ እርስዎ ተኝተው ነው» ትለኛለህ። እኔ ኪዳን የማላስታጉል ሴት ነኝ፤ ባንተ ማለዳ እኔ ሁለተኛ ጸሎቴን ጨርሻለሁ።

አያልቅበት፦ ሰባት ወር ያውቁ ነበር?

ትርንጎ፦ ከመጀመሪያው ሳምንት።

አያልቅበት፦ ታዲያ ምነው ዝም አሉ?

ትርንጎ፦ ምን ልበል? ሣሩ ታጭዷል። ወንፈል እኮ ምን ይዘህ መጣህ አይባልበትም፤ መጣህ ወይ ነው። አንተ መጥተሃል። ጤዛ ላይ ተንበርክከህ ብቻህን እስክታጭደው፣ እኔ ደግሞ ከቤቴ ወጥቼ እንዳላሳፍርህ እጠብቅሃለሁ።

አያልቅበት፦ እትዬ… እፈራዋለሁ።

ትርንጎ፦ ምኑን?

አያልቅበት፦ ማሽኑን። ይኸው ነገርኩዎት። ሌላ ጊዜ ፈሪ ሲባል ሰማሁ እንዳይሉኝ። ገመዱን ስይዘው መልሼ እለቀዋለሁ። የመንግሥት እርሻ ላይ ሳለሁ ኮምባይነር እየነዳሁ…

ትርንጎ፦ የመንግሥት እርሻ ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርክ።

አያልቅበት፦ ከኮምባይነሩ አጠገብ! በጣም አጠገብ። አንድ ቀን የአንድ ሰው ጣት ሲወስድ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ያለው ነገር ካየሁ ጣቶቼን እቆጥራለሁ። ይሄ ለማን ይነገራል? ወጣት ብሆን ይማራል ይባላል። በሃምሳ ስድስት ዓመት «አልችልም» ሲሉ፣ ገና አልቻለም ሳይሆን መቼም አይችልም ነው የሚባለው። እርስዎ ደግሞ በስድሳ ሰባት ዓመትዎ አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው ሲያስነሱት አይቼ…

ትርንጎ፦ አንድ ጊዜ? ማን ነው አንድ ጊዜ ያለህ? መጀመሪያ ቀን ስስበው ጠበቅ አድርጌ ስላልያዝኩት ተመልሶ ጎተተኝ፤ ጎመኑ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ዘጠኝ ቀን አልነሳም ብሎኛል። ጆሮዬን አስጠግቼ፣ የስፌት መኪና ሲታመም እንደማዳምጠው እያዳመጥኩት ነው ጠባዩን ያወቅኩት።

አያልቅበት፦ እኔ ደግሞ «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» እያልኩ ሳወራ ኖርኩ።

ትርንጎ፦ አስተምረኸኛል እንጂ። «ዘይት ይጨምሩበት» አልከኝ። «የምን ዘይት?» ብልህ፣ «ዘይት ዘይት ነው» አልከኝ። አንተ ሳታውቀው እንደተናገርከው ገብቶኛል፤ ስለዚህ ጋራዥ ሄጄ ጠየቅኩ። እዚያ ያሉት እያዩኝ ተሳሳቁ። ተስቆብኝ ተማርኩ። ከዚያ ቤንዚኑንና ዘይቱን ቤቴ ቀላቅዬ በጄሪካን አመጣልህ ጀመር፤ አንተ እንዳትጠየቅ።

አያልቅበት፦ ለዚያ ነው ዘይቱን አይቼው የማላውቀው!

ትርንጎ፦ ለዚያ ነው። አሁን ስለ ቅዳሜ ንገረኝ። ዱከምን ተወው፤ ወፎቹንም ተዋቸው።

አያልቅበት፦ እሺ። እሺ። እርስዎ ሲወጡ አየሁ። ግቢው ባዶ ነው፣ ዘነበችም ገበያ ናት። ማንም ሳያየኝ እሞክራለሁ አልኩ። ቢነሳልኝ፣ እርስዎ ሲመለሱ በድምፁ ልቀበልዎ ነበር። ገመዱን ሳብኩ፤ ዝም። ደግሜ ሳብኩ፤ ዝም። «ዘይት ጠምቶት ነው» አልኩ። የዘነበችን ኑግ አመጣሁና አፉ ድረስ ሞላሁት።

ትርንጎ፦ አፉ ድረስ።

አያልቅበት፦ ለነገሩ ያኔ እየሞላሁ ራሱ፣ ሽታው ልጅነቴን አስታወሰኝ እንጂ ስህተት ነው አላለኝም። ከዚያ ወዲያ እንደ ድንጋይ ሆነ። ተሸክሜ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ማነው ይሄን ሊጠብስ የነበረው?» አለ። ሁለት መቶ ሰው…

ትርንጎ፦ ስንት?

አያልቅበት፦ አሥራ ሁለት።

ትርንጎ፦ ስንት?

አያልቅበት፦ አራት። አንዱ ሻይ የሚያዞር ነው። አራቱም ወደኔ ዞሩ። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «ጎረቤቴ እትዬ ትርንጎ ናቸው» የሚል ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እይዘዋለሁ ብዬ ስዞር ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል።

ትርንጎ፦ ዕድር ላይስ? እዚያም አፍህ ነው የቀደመህ? ቆመህ ነው ያወራኸው። በእጅህ እያማሰልክ «ጠበሱት!» ስትል ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ አሉ።

አያልቅበት፦ …ሲስቁ ጣፈጠኝ።

ትርንጎ፦ እህ።

አያልቅበት፦ እውነቱ እሱ ነው። መጀመሪያ ፈርቼ ዋሸሁ፤ ቀጥሎ ሲጣፍጠኝ ደገምኩት። እርስዎ ግን ዝም አሉ። አንድ ቃል ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቀልልኝ ነበር። ቦት ጫማዎን ከደጅ አነሱ። ውኃ ማጠጣቱን ተዉ። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ሦስት ሳምንት ያችን በርጩማ ባዶዋን እያየሁ… ዘነበች ፍርፍሩን በላች እውነት ነው። እህል ያልዞረው በኔ አፍ ነው።

ትርንጎ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ የምነቀንቀው አጥር እንኳ አልነበረኝም። ለዚያ ነው ቆርቆሮ ያመጣሁት።

አያልቅበት፦ አልናቅኩዎትም! ራሴን ነው የናቅኩት፤ ዕዳው ወደ እርስዎ ተሻገረ እንጂ።

ትርንጎ፦ ይሄ ጥሩ ንግግር ነው። የት ልትናገረው ነው?

አያልቅበት፦ አሁን ተናገርኩት አይደል?

ትርንጎ፦ ለኔ? እኔ ኑግ እንደሌለኝ አውቃለሁ። ያልሰሙት ድንኳኑ ውስጥ የሳቁት ናቸው።

አያልቅበት፦ ዕድር ላይ? ቆሜ?

ትርንጎ፦ ቆመህ ነው ያወራኸው። ቁጭ ብለህ ብትመልሰው አይስተካከልም።

አያልቅበት፦ ሁሉም ባለበት «የፈራሁት እኔ፣ የጠበስኩት እኔ» ልል ነው?

ትርንጎ፦ ድመቷን ልላካት ካልክ እሷም ትችላለች።

አያልቅበት፦ …እሺ።

ትርንጎ፦ አልሰማሁም።

አያልቅበት፦ እሺ አልኩ! ነገ ከሰዓት ስብሰባ አለ። እነሳለሁ። ሊቀ መንበሩ ባሉበት፣ የደብሩን ሣር እሳቸው ናቸው የሚያጭዱት፣ እኔ የተፈጨውን በመንሽ እሰበስባለሁ እላለሁ። ቢስቁም ይሳቁ። የዛሬ ሳምንት ዳቦ ቤት «ጋሽ ጥብስ» ይሉኛል። ይገባኛል።

ትርንጎ፦ ሳትጨምር?

አያልቅበት፦ ሳልጨምር። ዱከም የለም፣ ወፍ የለም፣ እሳት የለም። አራት ሰው። አንድ ጠርሙስ ኑግ።

ትርንጎ፦ ይኸውልህ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ይሄን ያህል ነበር። ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ስልኬን አቀብለኝ።

አያልቅበት፦ ለአናጺው?

ትርንጎ፦ ቆርቆሮውን ለዶሮ ቤት ያደርገው እንደሆን እጠይቀዋለሁ። ዕድር ላይ ከጨረስክ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ ገመዱን ትይዛለህ። አጠገብህ እቆማለሁ። ጣት አይወስድም፤ የሚወስደው ሣር ብቻ ነው።

አያልቅበት፦ እትዬ! ምን ዓይነት ልብ ነው ያለዎት! ይሄን እያወቅኩ ነው እኮ ያን ቀን የማደርገውን ያጣሁት።

ትርንጎ፦ ስልኩን።

አያልቅበት፦ ይኸው፣ ይዣለሁ። ብቻ አንድ ነገር ይወቁልኝ፤ ልቤ ከመጀመሪያውም መጥፎ አልነበረም። ያን ቅዳሜ ማሽኑ እምቢ እንዳለኝ፣ ጋራዥ እንኳ ሳልሄድ፣ ልነግርዎት ደጅዎ ድረስ መጥቻለሁ።

ትርንጎ፦ መጥተሃል?

አያልቅበት፦ አንዴ መሰለዎት? ሦስት ጊዜ! አንኳኳሁ፤ ተቆልፏል። እርስዎ ለቅሶ ቤት ነዎት። ተመለስኩ፣ ደግሜ መጣሁ፤ ተቆልፏል። በሦስተኛው እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንባዬ ሲሚንቶውን አጠበው። ያኔ ቤት ቢገኙ ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ አይወለድም ነበር። ቢፈረድ እኮ ጥፋቱ የቁልፉ ነው!

ትርንጎ፦ ስልኩን ከነበረበት መልሰው፣ አያልቅበት፤ አናጺው ይመጣል። ለቅሶ ቤት አልደረስኩም፤ ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ከመንገድ በፊት ለፊቱ በር ተመለስኩ። የሞተሩን ማብሪያ ሳትጫን ገመዱን ስትስብ፣ የኑጉን ጠርሙስ ቧንቧው ሥር አጥበህ ስትደብቀው፣ እዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ቁልፍ የሚባል አልነካሁም፤ ትመጣለህ ብዬ በሬን ገርበብ አድርጌ ነው የዋልኩት።